በጫግኒ ቁልቁለት የጠፋው ሞተር

ስንሻው፣ የኔ ግትር፤

አፈሩን ያቅልልህ። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ የለህም፤ በሕይወትህም ቢሆን ለጥያቄ ፈጥነህ የምትመልስ ሰው አልነበርክም። ከተለያየን ወዲህ የጓሯችን ድንች ሁለት ጊዜ ተተክሎ ሁለት ጊዜ ተቆፈረ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ባለፈው ሰንበት ሙት ዓመትህን አወጣን፤ ይህን የምጽፍልህ እንግዳው ሁሉ ከሄደ፣ የተዋስነውንም ዕቃ ለየባለቤቱ ከመለስኩ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ ልጽፍልህ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። ብዕር ስይዝ ሐዘኑ ሳይሆን ቁጣው ይቀድመኛል። ጠባዬን ታውቀዋለህ፤ ሰው ሲከፋው ጥግ ይዞ ያለቅሳል፣ እኔን ሲከፋኝ ዕቃ ይሰበራል። ይኸው ዘንድሮ ከቤታችን ዕቃ ያልተሰበረው ጥቂት ነው።

ልጃችን ማስተዋል ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፋለች። ቁመቷ ያንተ ነው፣ ምላሷን ግን ሁሉም ወደ እኔ ያስጠጋዋል። ከቤቱ ጀርባ የተከልከው የዲከረንስ ዛፍ ለከሰል ደርሷል እያለ ነጋዴ ይመላለሳል፤ እኔ አላስቆርጥም ብዬ መለስኩት። እናትህ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ አንዳንዴ አንተን ይጠሩኛል። የጣራው ቆርቆሮ በሐምሌ ንፋስ ተገንጥሎ ራሴ ወጥቼ መታሁት። ጎረቤት ሁሉ ከሥር ቆሞ ‘ውረጂ፣ ትሞቻለሽ’ እያለ ይጮህ ነበር።

ዋናው ነገር ግን የመኪናዋ ነገር ነው። ሞተሯ ለምን እንደጠፋብህ ደርሼበታለሁ። ምነው ባልደረስኩበት ያልኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ስለማታውቅ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርህ።

ያቺን አሮጌ ነጭ ፒካፕ ከኔ በላይ ትዳብሳት እንደነበር ክደህ አታውቅም። የቤንዚን መለኪያዋ ከሞተ ዘመን አልፎታል። አንተ ቀርከሃ ቆርጠህ ዘንግ አበጀህላት፤ የታንከሯን ክዳን ከፍተህ ዘንጉን ትነክርና እርጥበቱ የደረሰበትን አይተህ ‘ዳንግላ ታደርሰናለች’ ወይም ‘ጥሊሊም አታደርሰን’ ትል ነበር። አምና በጋ ላይ ሞተሯ መጥፋት ጀመረ። ሲያስነሷት ትነሳለች፣ ከእንጅባራ ስትወጣ እንደ ልጅ ትሮጣለች፤ ጥቂት ከሄደች በኋላ ታስላለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ጸጥ ትላለች። አንተ ትወርዳለህ። ጎማዋን በእርግጫ ትላታለህ። ኮፈኗን ከፍተህ ትሰድባታለህ። ከዚያ ምናልባት ቤንዚን ጨርሳ ይሆናል ብለህ ክዳኗን ከፍተህ ዘንጉን ትነክራለህ፤ ቤንዚን አላት። ተመልሰህ ቁልፉን ስትጠመዝዘው ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ‘ኩርፊያ ነው፣ ሆዷን ሲያዩላት ትታረቃለች’ እያልክ ትስቃለህ። እኔም አጠገብህ ተቀምጬ እስቅ ነበር።

ወደ አለኸኝ ጋራዥ ያልወሰድክበት ሳምንት አልነበረም። በእንጅባራና አካባቢው አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ካንዴላዋን ቀየረ። የቤንዚን ፊልትሮዋን ቀየረ። ካርቡሬተሯን ፈትቶ አጠበ፣ የቤንዚን ፖምፓዋን ፈተሸና ጤነኛ ነው አለ። በሱ ግቢ ሞተሯ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲሠራ ይውላል፣ አንድም ቀን አይጠፋም። ይዘሃት ስትወጣ መንገድ ላይ ትጠፋለች። ሲብስብህ በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንተ እሱን ሌባ አልከው፣ እሱ አንተን መንዳት የማትችል አለህ። ያን ቃል ወንድምህ ምንይችል ቆሞ ሰማው።

የዚያን ዕለት ቀርከሃ ጭነህ ብቻህን ወደ ጫግኒ ወረድክ። ቤንዚን በጠፋበት በዚያ ሰሞን ቁልቁለት ሲደርሱ ማርሽ አውጥቶ መኪናን በፎሌ መልቀቅ የሾፌሩ ሁሉ ልማድ ሆኖ ነበር፤ ቁልቁለቱ በነጻ ይወስዳል ትሉ ነበር። አንተም ለቀቅካት። መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ማርሽ ያልገባለት መኪና ሞተሩ ሲጠፋበት ፍሬኑ ይደርቃል፣ ቢረግጡት አይሰማም። ከኋላህ የነበረ የባጃጅ ሾፌር እንደነገረን ከፊትህ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውት ነበር። መሪውን ጠምዝዘህ ከዳገቱ ግንብ ጋር አላተምካት። መኪናዋ የተጨማደደው መከላከያዋና አንድ መብራቷ ብቻ ነው። የገደለህ ግጭቱ አይደለም። መኪናዋ ስትቆም ቀርከሃው አልቆመም፤ የኋላውን መስታወት በርግዶ ገብቶ ከመሪው ጋር ሰፋህ። አንተን ለማውጣት ቀርከሃውን በመጋዝ ቆረጡት። ይህን ለማስተዋል አልነገርኳትም። ላንተ ብደብቅህ ግን ምን ይጠቅማል፣ ነበርክበት።

ቀብርህ ላይ ሰው እንደ ጉድ ወጣ። ከአልቃሾቹ አንዷ ደረቷን እየደቃች እንዲህ ብላ አወረደችው፦

ገደል አልበላውም ጎርፍም አልወሰደው፣
የሰው እጅ ነው እንጂ ስንሻውን የናደው።

ምንይችል ይህን ሲሰማ ጠብመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አፈሙዙን ሳመ።  ደም ሊመልስ መማሉ እንደሆነ ማን ያጣዋል? እውነቱን ልንገርህ፤ ደስ አለኝ። የሚገደል ሰው መኖሩ ደስ አለኝ። አንተን የወሰደብኝ ነገር ስምና ፊት ያለው ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ሲወድቅ የደረቴ እሳት የሚበርድ መስሎኝ ነበር።

ሰልስትህ እንደወጣ ምንይችል ጋራዡ ገባ። አለኸኝ ደህናውን ካርቡሬተር ሸጦ ያረጀ ገጥሞልሃል የሚል ወሬ ደርሶት ነበር። ምንም አልጠየቀውም። ከመሬት የጎማ መፍቻ ብረት አንሥቶ ቀኝ ክንዱን ደቀደቀው። ሰውየው ወድቆ ሲጮህም አልተወውም፤ እዚያው ክንድ ላይ እየደጋገመ አወረደበት። ጭንቅላቱን ሊመታው ብረቱን ሲያነሣ ሰው ደርሶ ያዘው። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለፈ ያገደመው ሁሉ አለኸኝ እኔንም አታሎኝ ነበር ማለት ጀመረ። ለፖሊስ ግን ማንም አልመሰከረም።

የአለኸኝ ወንድሞች ከአዘና ታጥቀው መጡ። አንድ ንጋት ላይ የምንይችልን በረት በጥይት ደበደቡት፤ አንዱ በሬ እዚያው ቀረ፣ የአንዱን እግር ሰብረውት ማረድ ግድ ሆነ። ምንይችል ደግሞ ሄዶ የእህል ክምራቸውን በእሳት ለቀቀው። ጭሱ ከኛ ግቢ ይታይ ነበር። እናትህ የምን ሽታ ነው እያሉ ሲጠይቁኝ የጎረቤት ገለባ ነው አልኳቸው።

በዚህ መሐል አያ ተገኘ ሽማግሌዎቹን ይዘው ገቡ። ሁለቱንም ወገን በየተራ አስማሉ፤ እስከ መስቀል ማንም ማንንም እንዳይነካ። መስቀል ካለፈ በኋላ የሟች ሚስት ሸንጎው ፊት ትቁም፣ ደሜ ከአለኸኝ ነው ካለች ነገሩ የደም ይሆናል፣ አይደለም ካለች እርቅ ይወርዳል ተባለ። ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ ዘግቶታል፤ እኛ ዘንድ ግን አደጋ የሚባል ገዳይ የለም። ቃሉ የኔ ሆነ። እኔም ቃሌን ጨርሼ ነበር፤ ከአለኸኝ ነው ልል።

ክረምቱ መሐል ላይ አለኸኝ ቤት ሄድኩ። ልጠይቀው አይደለም። ሲሠቃይ ላየው ነው የሄድኩት። ክንዱ ተጣሞ ገጥሟል፣ ጣቶቹ አይታጠፉም። ተኝቶ ሳለ ሲያየኝ አልደነገጠም፤ በስሜ ጠራኝ። ‘ትሁን፣ ያቺ መኪና በኔ እጅ አንድ ቀን ጠፍታ አታውቅም’ አለኝ። ‘ስትጠፋ ባያት ኖሮ በሽታዋን አገኘው ነበር። በሕይወት ያለን ሰው ምን ገደለው ብዬ ልመርምር? እስክትጠፋ አስነሥተሽ ተቀመጪ፤ ስትጠፋ አጠገቧ ሁኚ።’ ፊቱ ላይ ተፍቼበት ወጣሁ። ምራቄን በግራ እጁ ሲጠርግ አየሁት።

መኪናዋን ጎትተው አምጥተው ግቢያችን አቁመዋት ነበር። ደምህ መቀመጫው ላይ ደርቋል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት ምሳር ይዤ ወጣሁባት። የቀረውን መብራቷን አፈረስኩት። የጎን መስታወቶቿን ገነጠልኩ። በሯን ምሳሩ እስኪነክስ ድረስ መታኋት። እናትህ ከቤት ውስጥ ማን ነው የሚፈልጥ ይላሉ። ከዚያ ይህ ሁሉ ለሷ ቀላል ሞት መሰለኝ። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበትን ባትሪዋን ከቤት አውጥቼ መልሼ አሰርኩላት። ቤንዚኗን ጨርሳ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ፊቴ ላይ እንድትሞት ፈለግሁ።

ትንሽ አቃስታ ተነሣች። አንተ አፈር ውስጥ ሆነህ እሷ እንዲህ ስትነሣ ምን እንደተሰማኝ በወረቀት አልገልጸውም። የቤንዚን መርገጫዋ ላይ ድንጋይ ጫንኩባት፤ እንድትጮህ። በርጩማ አውጥቼ ምሳሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ያንን ሳል አሳለች። ተንገጫገጨች። ጠፋች።

ጨርሰሻል ማለት ነው ብዬ ተነሣሁ። አንተ እንደምታደርገው ሆዷን ልይ ብዬ ዘንጉን ይዤ ወደ ክዳኑ ሄድኩ። ክዳኑ እምቢ አለኝ። ጎተትኩት፣ ታገልኩት፤ መሐሉ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ አንድ ሰው ከታንከሩ ውስጥ ሆኖ የሚስበው ይመስላል። በምሳሩ ጫፍ ፈለቀቅሁት። ውሃ ውስጥ ታፍኖ የወጣ ሰው እንደሚስበው ያለ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ አየር ወደ ውስጥ ገባ። ዘንጉን ነከርኩት። ቤንዚኑ ከግማሽ በላይ ነበር። ሮጬ ቁልፉን ጠመዘዝኩት፤ ወዲያው ተነሣች።

ያን ቀን ምሳሩን ጣልኩት። ክዳኑን ገጥሜ አስነሣኋት፤ ቆይታ ጠፋች። ክዳኑን አውልቄ አስነሣኋት፤ የግቢያችን ዋርካ ጥላ እስኪዞር ድረስ ሠራች። መልሼ ገጠምኩት፤ ጠፋች። ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴው ገባኝ። ቤንዚኑ ወደ ሞተር ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። ክዳኑ አየር አያስገባም። ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር ታንከሩ ወደ ውስጥ ይመጣል፣ በመጨረሻ ፖምፓዋ ብትስብ ጠብታ አይለቅላትም። ክዳኑ ሲከፈት ትድናለች። አለኸኝ ግቢ ያልጠፋችውም ለዚህ ነው፤ እሱ በጄሪካን እየጨመረ ስለሚሞክራት ክዳኑ ሁልጊዜ ወልቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር። አንተ ደግሞ ዘንጉን ልትነክር ስትከፍተው ራስህ ታድናት ነበር፤ ኩርፊያ ነው እያልክ።

ክዳኑን የሠራው ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ቤንዚን በጠፋበት በዚያ ዓመት ሌቦች በጎማ ቱቦ እየሳቡ ቤንዚንህን ሲወስዱ አንድ ጠዋት የብረቱን ክዳን ጭምር ይዘውት ሄዱ። ምንይችል ነው የሠራልህ። በአገው ምድር ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ኮርቻ የሚያሰፋው እሱ ዘንድ ነው፤ ስፌቱን ከሩቅ ያየ ይለየዋል። ከጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጦ፣ በኮርቻ ቆዳ ደርቦ፣ በሰም በተቀባ ጅማት ጥልፍልፍ አድርጎ ሰፋው፤ ላዩን በጠፍር ሸምቅቀው ካሰሩት በቀላሉ የማይፈታ አደረገው። ሲሰጥህ ምን እንዳለ ጆሮዬ ላይ ነው። ‘ወንድሜ፣ ከዚህ ወዲያ እንኳን ሌባ ትንፋሽም አይገባበት’ ነበር ያለው። ግንባሩን ስመህ ተቀበልከው።

ስንሻው፣ እሳቱን ማን ላይ ልልቀቀው? ያን ሁሉ ወር ለአለኸኝ ያዘጋጀሁት ጥላቻ እጄ ላይ ቀረ። ዝም ብዬ ሸንጎ ብቆም አንድ ንጹሕ ሰው ይገደላል። ብናገር ወንድምህ በዚያው ጠብመንጃ ራሱን ይገድላል፤ ፈረሱ እግሩን ሲሰብር እንኳ ከፈረሱ እኩል ተኝቶ እህል አልቀምስ ያለ ሰው ነው። እናትህ ደግሞ ከዚህ ወዲያ የሚቀብሩት ልጅ የላቸውም። ክዳኑን ከአልጋዬ ሥር ደብቄ መስቀል እስኪቃረብ ቆየሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝ፣ ቀን ከሰው ጋር እጣላለሁ። ማስተዋልን ያለ ጥፋቷ መታኋት።

በመጨረሻ ምንይችልን በአፍ ብነግረው እንደማያምነኝ አወቅሁ። ሸንጎ ሳልቆም ስንሻው የሞተበትን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ፣ ና አብረን እንሂድ አልኩት። ጠብመንጃውን ይዞ መጣ። ጨርቅ አንጥፌ መቀመጫህ ላይ ተቀመጥኩ። በፈረስ መጋለቢያው ሜዳ ላይ እየጮህክብኝ መንዳት ያስተማርከኝ ለዚህ ኖሯል። ክዳኑን በጠፍሩ አጥብቄ አስሬ ወጣን። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሜዳው ላይ፣ አስላ ጠፋች።

ወረደ። ጎማዋን በእርግጫ ብሏት በአገውኛ ረገማት፤ ከሷ አልፎ አለኸኝን፣ የአለኸኝን ዘር ረገመ። ቤንዚኗን እይልኝ አልኩት። ክዳኑን ሲታገለው አየሁ፤ የራሱ ስፌት እምቢ አለው። ሲለቀቅ ያ ትንፋሽ ተሰማ። ተመልሼ አስነሣኋት። ተነሣች። ግጠመውና እንጠብቅ አልኩት። ምን ሆነሻል እያለኝ ገጠመው። ድንጋይ ከመርገጫው ላይ ጭኜ ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ፤ ጥቂት ቆይታ ጠፋች። በራሱ እጅ ከፈተው፤ ትንፋሹን በራሱ ጆሮ ሰማ። ፈረስ ሲታፈን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ክዳኑን አገላብጦ አየው። ፊቱ አመድ ሆነ።

እኔ እጄን ሳልዘረጋ መሬት ያስቀመጠውን ጠብመንጃ አንሥቶ አፈሙዙን አገጩ ሥር ከቶታል። ዘልዬ ያዝኩት። ስንሻው፣ ወንድምህን ደበደብኩት። አፈሙዙን በአንድ እጄ ወደ ላይ እየገፋሁ በሌላው ፊቱን ቧጨርኩት፣ እጁን ደም እስኪወጣ ነከስኩት። ጭቃ ላይ ወድቀን ተንከባለልን። ጥይቱ ጆሮዬ ሥር ጮኸ፤ የመኪናዋን ጣራ በስቶ ወጣ። ጠብመንጃው ሲወድቅ ዘንጉን ከመሬት አንሥቼ እስኪሰበር ድረስ ጀርባውን ገረፍኩት። አልተከላከለም። ‘ተይኝ፣ እታለም፣ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ተይኝ’ ይላል። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኽኩበት፦ ‘አንተ ከሞትክ የአለኸኝን የይቅርታ ድንጋይ ማን ይሸከማል? እኔ ልሸከም? እናትህ ይሸከሙ? ክንዱን የሰበርክ አንተ፣ ድንጋዩም ያንተ ነው!’

 ዝናብ መጣብን። ጠብመንጃውን ይዤ መኪና ውስጥ ገባሁ፣ እሱ ጭቃው ላይ ቀረ። ብዙ ቆይቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና የትኛውን ድንጋይ ብሎ ጠየቀኝ።

ከመስቀል በኋላ ሸንጎው ሲቀመጥ ጠብመንጃውን ለአያ ተገኘ አስረከብኩ። ደሜ ከአለኸኝ አይደለም አልኩ፤ ክዳኑንም መሐል አስቀምጬ ያየሁትን ተናገርኩ። ምንይችል በአገሩ ደንብ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ከአንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ከኛ በር እስከ አለኸኝ በር ሄደ። ከአዘና የመጡት የአለኸኝ ወንድሞች ጠብመንጃ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አለኸኝ ወጥቶ አየው። አውርድ አላለውም። ድንጋዩ አንገቱን ልጦት ደም በሸሚዙ ይወርዳል፣ አለኸኝ የተጣመመ ክንዱን አቅፎ ያየዋል። ሽማግሌዎቹ ለመኑት። እኔ ደጁ ላይ ሆኜ ካሁን አሁን ይተኩሳሉ እያልኩ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ አለኸኝ አውርድ አለው። ድንጋዩ ሲወድቅ ደግሞ ‘ክንዴን ግን አይመልሰውም’ አለው። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ምንይችል ከሰዓት በኋላ ኮርቻውን ትቶ ጋራዥ ይውላል። አለኸኝ በቃል ይነግረዋል፣ እሱ መፍቻውን ይዞ ያጠብቃል፣ ይፈታል። ሲሳሳት አለኸኝ ገበያ የሚሰማው ስድብ ይሰድበዋል። አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

አንተስ? አንተን ማን ይጠይቅህ? ያን ጭነት ይዘህ በፎሌ ባትለቃት ኖሮ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ማርሹ ይይዛት ነበር። ጥቂት ቤንዚን ለማትረፍ ራስህን ሰጠህ። እዚህ ላይ ስደርስ እስከዛሬ ጥርሴ ይፋጫል። ድንጋይ የሚሸከምልኝ ሰው የለም፤ አንተ ተኝተሃል። እነዚያን ሴቶች ማዳንህን ሰው ሁሉ ያወራልኛል። እኔም እኮራለሁ፣ ኩራቱ ግን ማታ ብቻዬን ስሆን አያነጋግረኝም።

ባለፈው ሰንበት ተዝካርህ ላይ አለኸኝ መጣ። ማንም አልጠራውም፣ ማንም ተመለስ አላለውም። ቦታ ሲፈለግለት ከምንይችል አጠገብ ብቻ ነበር ባዶው፤ ተቀመጠ። ማዕዱ ቀረበ። ቀኝ እጁ እንጀራ አይቆርስለትም፣ በግራው መብላት ደግሞ ሰው ፊት አፈረ። እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ምንይችል ጠቅልሎ ጉርሻውን ወደ አፉ ዘረጋለት። አለኸኝ አፉን አልከፈተም። ድንኳኑ ሁሉ ማላመጡን አቆመ፤ ወጡ በምንይችል ክንድ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ሲገባ አያለሁ፣ እጁን ግን አላወረደም። የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ይህን ጉርሻ እንቢ ካለው ወንድምህ ዛሬ አያድርም አልኩ በልቤ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አለኸኝ ጎረሰ። እያላመጠ ዓይኑን ጨፈነ። ምንይችል ሁለተኛውን ጠቀለለ።

ስትረሺው ይቀልሻል የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ቀለለም ከበደም አልረሳህም፤ ሳቅህንም፣ ግትርነትህንም፣ ያናደድከኝንም ሁሉ ይዤ እኖራለሁ። ማስተዋል ስትጠይቀኝ ሴቶቹን ማዳንህን ብቻ ሳይሆን ጥፋትህንም እነግራታለሁ፣ ሙሉ አባቷን ትወቅ። ምንይችል አሁንም አንዳንድ ቀን ዓይኑ ይሸሻል፤ ያኔ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ፣ እስኪከፍትልኝ ድረስም አልመለስም። ወንድምህን ከራሱ እጅ እጠብቅልሃለሁ።

ሚስትህ ትሁን
እንጅባራ